ቤት የሚጫንበት መኪና፦ ከአልጋው በፊት የሚደመር ክብደት

ጦር ሠራዊት ወይም የእሳት አደጋ መከላከያ ሲገለገልበት የቆየ አሮጌ ከባድ መኪና ገዝቶ፣ ካሶኒውን አውርዶ፣ በሻሲው ላይ መኝታና ማብሰያ ያለው ክፍል አሳርፎ አገር ለአገር መዞር እኔ በምኖርበት በጀርመን የብዙ ሰው ምኞት ነው። ወደዚህ ሥራ የሚገባ ሰው ቀድሞ የሚያስበው የአልጋውን ስፋት፣ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳውን ዋት፣ የመስኮቱን አቀማመጥ ነው። ክብደት የሚታወሰው አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ፣ መኪናው ተሠርቶ አልቆ ለቴክኒክ ምርመራ ሲቀርብ ነው። በእኔ እምነት ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት፤ መኪናው ከመገዛቱ በፊት ወረቀት ላይ ተደምሮ ማለቅ ያለበት ነገር ቢኖር ክብደት ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ አልጋ ማጥበብም ቀለም መቀየርም ይቻላል፤ ግማሽ ቶን ለመቀነስ ግን ቤቱን አፍርሶ እንደገና ከመጀመር በቀር መንገድ የለም።

ለብዙዎቻችን የመጀመሪያው ገደብ የሚመጣው ከመኪናው ሳይሆን ከመንጃ ፈቃዱ ነው። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ይዞ የመጣ ሰው በጀርመን ነዋሪ ከሆነ ከ6 ወር በኋላ የጽሑፉንም የተግባሩንም ፈተና ወስዶ የአገሩን ማውጣት ይኖርበታል፤ አብዛኛው ሰው የሚያወጣው ደግሞ «ቢ» የሚባለውን፣ የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደቱ እስከ 3,500 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና የሚያስነዳውን ነው። እስከ 7,500 ኪሎ ግራም ለመንዳት «ሲ 1»፣ ከዚያ በላይ ለመንዳት «ሲ» ያስፈልጋል፤ ሁለቱም በየ5 ዓመቱ በጤና ምርመራ የሚታደሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1999 በፊት መንጃ ፈቃድ ያወጡ ታላላቆቻችን ግን በአሮጌው «ክላስ 3» እስከ 7.5 ቶን የመንዳት መብት አላቸው፤ ወረቀቱ በካርድ ሲቀየርም መብቱ አብሮ ይሻገራል። ስለዚህ በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ያለውን አሮጌ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ማየት ከምንም ወጪ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። መንጃ ፈቃዱ የሚመለከተው መኪናው በዚያች ዕለት የሚመዝነውን ሳይሆን በሊብሬው ላይ የተጻፈውን የተፈቀደ ከፍተኛ ክብደት ነው። ባዶውን 3.4 ቶን የሚመዝን መኪና በሊብሬው 7.5 ቶን ተብሎ ከተመዘገበ በ«ቢ» መንጃ ፈቃድ ሊነዳ አይችልም። በጀርመን ሊብሬ ላይ «ኤፍ 1» በሚለው ሣጥን ፋብሪካው በቴክኒክ የፈቀደው ጠቅላላ ክብደት፣ «ኤፍ 2» በሚለው አገሩ የፈቀደው፣ «ጂ» በሚለው መኪናው ለመንዳት ዝግጁ ሆኖ የሚመዝነው ይገኛል፤ ከ7.1 እስከ 7.3 እና ከ8.1 እስከ 8.3 ባሉት ሣጥኖች ደግሞ እያንዳንዱ አክሰል (የግራና የቀኝ ጎማ የሚያያዝበት ዘንግ) እንዲሸከም የተፈቀደለት ተጽፏል። ከ«ኤፍ 2» ላይ «ጂ»ን የቀነሰ ሰው የመጫን አቅሙን ያገኘ ይመስለዋል። ነገር ግን «ጂ» የተመዘገበው መኪናው ካሶኒ ወይም የአምቡላንስ ቤት ተሸክሞ በነበረበት ጊዜ ስለሆነ፣ ዛሬ ባዶ ሻሲ ሆኖ ለቆመው መኪና ያ ቁጥር የሚያገለግል አይደለም።

አንድ የታወቀ መኪና ወስደን እንደምር። ዩኒሞግ ዩ 1300 ኤል የተባለው አራቱ ጎማ የሚጎትት የመርሴዲስ ከባድ መኪና በዚህ ሥራ ላይ ከተሠማሩ ሰዎች ዘንድ ዝነኛ ነው፤ የጀርመን ጦር ለአምቡላንስና ለጭነት በብዛት ይገለገልበት ነበር፤ የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደቱ 7.5 ቶን፣ በሁለቱ አክሰሎች መካከል ያለው ርቀት 3.25 ሜትር ነው። ጦሩ የጭነቱን ዓይነት በመዝገቡ «የ2 ቶን መኪና» ብሎ ነው የመደበው። ይህን ግዙፍ ጎማና ከመሬት የተነሣ ሻሲ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ተራራ የሚሸከም ይመስለዋል፤ ሠራዊቱ ግን በካሶኒው ላይ 2 ቶን ብቻ ነበር የሚጭንበት። ቤት ሲሠራበት ከካሶኒው መውረድ የሚተርፈው ጥቂት ነገር ተጨምሮ ያው ነው።

ጋቢናውና ሻሲው ያለ ነጂና ያለ ነዳጅ 4,800 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ እንበል። እስከ 7,500 የሚቀረን 2,700 ነው። ዩኒሞግ በጉድጓድ መንገድ ላይ ሻሲው እንዲጣመም ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ክፍሉን በቀጥታ በቦሎን ማሰር ግድግዳውን ይሰነጥቃል፤ በመካከል እንደ ልብ የሚንቀሳቀስ የብረት ንዑስ ሻሲ ያስፈልጋል፣ እርሱም ከነማሰሪያው ወደ 250 ኪሎ ይሄዳል። ከዚያ ክፍሉ ራሱ ይመጣል። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 2.2፣ ቁመቱ 2.1 የሆነ ሣጥን ወለሉ፣ ጣሪያውና ግድግዳው ሲደመር ወደ 44 ካሬ ሜትር ይሆናል። በሁለት በኩል 2 ሚሊ ሜትር ፋይበር ግላስ፣ በመካከል 50 ሚሊ ሜትር የፎም ሙቀት መከላከያ ያለው ሰሌዳ በካሬ ሜትር 9 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን ሰሌዳው ብቻ 400 ኪሎ ይሆናል፤ ማጣበቂያው፣ የማዕዘን ብረቱ፣ የወለል ማጠናከሪያው፣ በሩና መስኮቶቹ ሲጨመሩ 600 መድረሱ አይቀርም። አንዲት ቁም ሣጥን ሳትገባበት 850 ኪሎ ሄዷል፤ የቀረው 1,850 ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ዕቃ አንድ በአንድ ሲታይ ቀላል ነው፤ ሰውን የሚያታልለውም ይኸው ነው። የቤት ዕቃው ከነአልጋው 300፣ ባትሪው፣ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳውና የኤሌክትሪክ ሽቦው 120፣ የውሃ ታንኩ ከነቧንቧውና ከነሽንት ቤቱ 120፣ ፍሪጁ፣ ምድጃውና ማሞቂያው 80፣ ስኮርታ ጎማው ከነመስቀያው 170፣ ክሪኩ፣ መፍቻዎቹ፣ የመጎተቻ ገመዱና መኪናው አሸዋ ውስጥ ሲቀበር ከጎማው ሥር የሚገባው ሰሌዳ 150። ድምሩ 940 ኪሎ ነው። 910 ቀረን። በዚህ ላይ 250 ሊትር ውሃ 250 ኪሎ፣ 300 ሊትር ናፍጣ 252 ኪሎ፣ ሁለት ሰው 150፣ ልብስ፣ ምግብ፣ ድስትና አልጋ ልብስ 200፣ አንድ የጋዝ ሲሊንደር 24 ስንጨምር 876 ይሆናል። የቀረን 34 ኪሎ ግራም ነው። አንድ የጤፍ ጆንያ እንኳ አያስገባም።

ይህ ቁጥር የተገኘው ምንም ቅንጦት ሳይጨመር መሆኑን ልብ ይሏል። በውስጡ ሞተር ሳይክል የለም፤ ጥላ የሚዘረጋ ሸራ የለም፤ በጣሪያው ላይ ፖርቶ መጋላ የለም፤ ልጅ የለም። ብዙ መኪና ከሕግ በላይ ሆኖ የሚገኘው ባለቤቱ አንድ ትልቅ ነገር ስለ ጫነ ሳይሆን እያንዳንዷን ትንሽ ነገር «ይህች ምን ታመጣለች» እያለ ስላስገባ ነው።

የአውሮፓ ሕግም ቢሆን ገዢን በዚህ ረገድ እምብዛም አይጠብቅም። ፋብሪካ ሠርቶ ለሚሸጠው የመኖሪያ መኪና ሊቀር የሚገባው አነስተኛ የጓዝ አቅም የሚሰላው የሰዎቹን ቁጥርና የመኪናውን ርዝመት በሜትር ደምሮ በ10 በማባዛት ነው። ሁለት ሰው የሚይዝ፣ 6 ሜትር የሚረዝም መኪና 80 ኪሎ የጓዝ አቅም ካለው ሕጉን አሟልቷል ማለት ነው። ለሁለት ሳምንት የባሕር ዳርቻ ዕረፍት ይበቃ ይሆናል፤ ስድስት ወር በረሃ ለሚሻገር ሰው ግን 80 ኪሎ ከመፍቻና ከመለዋወጫ አያልፍም።

ጠቅላላ ክብደቱ ልክ ሆኖም አክሰሉ ሊያልፍ ይችላል፤ እኔ ከጠቅላላው ይልቅ የምፈራው ይህንን ነው። ክብደት ከኋላ አክሰል አልፎ በተንጠለጠለ ቁጥር ከራሱ በላይ ይከብዳል። ሞተር ሳይክሉ ከነመስቀያው 200 ኪሎ ቢሆንና ከኋላ አክሰል 1.6 ሜትር ወደ ኋላ ቢሰቀል፣ የኋላው አክሰል የሚጨመርበት 200 ሳይሆን 298 ኪሎ ነው፤ የፊተኛው ደግሞ 98 ኪሎ ይቀልለዋል። የፊቱ ጎማ ሲቀልል መሪው ይዘናጋል፤ ቁልቁለት ላይ ዋናውን ማቆም የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ስለሆነ እርሱም ይዳከማል። የውሃ ታንኩን፣ ባትሪውንና መሣሪያውን በሁለቱ አክሰሎች መካከል፣ ከቻሉም ከጋቢናው ጀርባ፣ ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥ ምንም ተጨማሪ ወጪ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን መወሰን ያለበት ክፍሉ በሚነደፍበት ጊዜ ነው። አልጋውን ከኋላ በኩል አድርጎ ከሥሩ ሰፊ ጋራዥ የሚያወጣው ንድፍ በሥዕል ሲታይ ያምራል፤ ለአጭር ሻሲ ግን የኋላ አክሰል ጠላት ነው።

ጎማው ራሱን የቻለ ገደብ አለው። በጎኑ ላይ ካለው መጠን ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥርና ፊደል ዝም ብሎ የፋብሪካ ምልክት አይደለም፤ 152 ኬ የሚል ካለበት አንዱ ጎማ 3,550 ኪሎ በሰዓት እስከ 110 ኪሎ ሜትር ይሸከማል ማለት ነው። 121 የሚል ደግሞ 1,450 ኪሎ ነው። ገደቡ የሚወሰነው ከጎማው፣ ከቸርኬው፣ ከአክሰሉና ከሞላው መካከል በአነስተኛው ነው። አገር ቤት እንደለመድነው ባሌስትራ ማስጨመር መኪናው እንዳይዘነበል ይረዳው ይሆናል፤ አክሰሉን፣ ፍሬኑንና ሊብሬውን ግን አንድ ኪሎ ከፍ አያደርግም። እዚህ አገር ቁጥሩን ለማስጨመር የፋብሪካው ማረጋገጫ ወይም የመርማሪ መሐንዲስ ፊርማ፣ ከዚያም በምዝገባ መሥሪያ ቤቱ ሊብሬውን ማስቀየር ያስፈልጋል።

የተገላቢጦሹም ይደረጋል፤ በቴክኒክ 10 ወይም 12 ቶን የሚችለውን መኪና በ7.49 ቶን ማስመዝገብ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ«ሲ 1» ይነዳል፤ የመኖሪያ መኪና ሆኖ ከተመዘገበ በጀርመን አውቶባን (ፈጣን መንገድ) በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይፈቀድለታል፣ ከ7.5 ቶን በላይ የሆነው ግን 80 ነው፤ ዓመታዊ ምርመራም ቢሆን ከ7.5 በታች ላለው በየዓመቱ የሚሆነው መኪናው 6 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው፣ ከዚያ በላይ ላለው ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው። (አሮጌ መኪና ለሚገዛ ሰው ይህ የመጨረሻው ምንም ጥቅም የለውም፤ ሁሉም 6 ዓመት አልፏቸዋል።) በዚህ መልክ ቁጥሩን ዝቅ ያስደረገ ሰው ጠንካራ ፍሬንና ጠንካራ አክሰል በእጁ ይቀርለታል፤ ጥሩ ነው። ጉዳቱ ግን ከባዱ ሻሲ ራሱ ከ7.49 ውስጥ ብዙውን ይበላዋል፤ ሻሲው 5.5 ወይም 6 ቶን ከሆነ ለቤቱ የሚቀረው ከዩኒሞጉ ያነሰ ነው። «መኪናው ይችለዋል እኮ» እያሉ 9 ቶን ጭኖ በ7.49 ሊብሬ መሄድ የብዙዎች ምርጫ ነው፤ እኔ አልመክረውም። ከተፈቀደው 20 በመቶ ማለፉ ነው፤ ፖሊስ ሚዛን ላይ ካወጣው ባለበት ሊያስቆመው ይችላል፤ ከአደጋ በኋላ ደግሞ ኢንሹራንሱ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ቅጣቱ ግን ከነገሩ ሁሉ ትንሹ ነው። ዋናው ቁልቁለት ነው። ከጎሃ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ በአንድ ጉዞ ይጥላል። 7.5 ቶን የሆነ መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 220 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ እስኪፈላ ድረስ የሚያሞቅ ነው፤ መኪናው 9 ቶን ከሆነ 263 ሊትር ያፈላል። ይህ ሙቀት የሆነ ቦታ መግባት አለበት። ነጂው በወጣበት ማርሽ ከወረደና የሞተር ፍሬኑን ከተጠቀመ ከፊሉን ሞተሩ ይወስድለታል፤ ቀሪው በሙሉ ወደ ፍሬን ሸራው ይሄዳል። ሸራው ከልክ በላይ ሲግል እግር እስከ ወለሉ ቢረገጥም መያዝ ያቅተዋል፤ ሽታው ጋቢና ውስጥ ሲገባ ጊዜው ረፍዷል። የአገራችን የከባድ መኪና ነጂዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ዓባይን፣ ሊማሊሞንና ጣርማበርን የወረዱ ናቸውና። አውሮፓ ላይ ለጥ ባለ አውቶባን የተሠራ መኪና ግን ይህን ሳይቀምስ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል። በፋብሪካው የተጻፈው ቁጥር መሐንዲሶቹ ፍሬኑን እስከዚያ ክብደት ድረስ ሞክረው ያስቀመጡት መሆኑን ማሰብ ይበቃል።

መንገዱም ቢሆን የሚቆጥረው ጠቅላላ ክብደትን ሳይሆን አክሰልን ነው። አሜሪካ ውስጥ በኢሊኖይ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 ከባድ መኪኖችን በተሠራ የሙከራ መንገድ ላይ ያለማቋረጥ በማስነዳት በተደረገው ታላቅ ፍተሻ፣ የአክሰል ክብደት በእጥፍ ሲጨምር በአስፋልቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ እንደሚጠጋ ታይቷል። ሞጆ ላይ የጭነት መኪኖች ተሰልፈው የሚመዘኑት ለዚህ ነው። በዚህ ሒሳብ የእኛ የጉዞ መኪና ከጂቡቲ ከሚመጣው ተሳቢ ጋር ሲነጻጸር ለአስፋልቱ ምንም አይደለም፤ በገጠር የእንጨት ድልድይ ላይና በአሸዋ ውስጥ ግን እያንዳንዱ መቶ ኪሎ ይታወቃል።

ስለዚህ መመዘን ነው። የምድር ሚዛን በየከተማው አለ፤ ብረታ ብረት የሚሰበስቡ ድርጅቶች፣ የቆሻሻ ማስወገጃዎች፣ የገበሬ ማኅበራት መጋዘኖች በትንሽ ክፍያ ይመዝናሉ። የመጀመሪያው ምዘና መሆን ያለበት ካሶኒው እንደ ወረደ፣ ሥራ ሳይጀመር ነው። ሁለተኛው ባዶው ክፍል እንደ ተጫነ፤ ሦስተኛው ሁሉም ነገር ተሞልቶ፣ ሰዎቹም ተቀምጠው። አመዛዘኑም እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹ ብቻ ሚዛኑ ላይ ይወጣሉና ቁጥሩ ይጻፋል፤ ከዚያ መላው መኪና፤ ከዚያ የፊቶቹ ወርደው የኋላዎቹ ብቻ ይቀራሉ። የፊትና የኋላው ድምር ከጠቅላላው ጋር በጥቂት ኪሎ ቢለያይ አያስደንቅም፤ በመቶ ኪሎ ከተለያየ ግን መሬቱና ሚዛኑ እኩል አይደሉም ማለት ነውና ሌላ ቦታ መሄድ ይሻላል። ሚዛኑ ሰፊ ከሆነና ባለቤቱ ከፈቀደ በግራ ጎማዎች ብቻ አቁሞ ማየትም ጠቃሚ ነው። ውሃው፣ ፍሪጁና ማብሰያው ሁሉ በአንድ ወገን ተደርድረው ግራው ከቀኙ 300 ኪሎ የሚበልጥ መኪና ተሠርቶ ይገኛል፤ ነጂው ግን መኪናው ለምን ወደ አንድ ጎን እንደሚያዘነብል ሞላውን ሲያስቀይር ይኖራል። በወረቀቱ ላይ የውሃውንና የናፍጣውን መጠን በእጅ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ከሦስት ወር በኋላ ያ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ማንም አያስታውሰውም።

መቀነስ ካለበት ከየት ይቀነስ ለሚለው፣ ከሁሉ በፊት የምነካው እንጨቱን ነው። 15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የበርች ኮምፔንሳቶ በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ያህል ነው፤ የፖፕላሩ ከ7 አይበልጥም። 25 ካሬ ሜትር ለሚፈጅ የቤት ዕቃ ልዩነቱ 80 ኪሎ ገደማ ነው፤ በዋጋውም ፖፕላሩ ይረክሳል። ጥንካሬ የሚያስፈልገው መገጣጠሚያ ላይ ብቻ በርች መጠቀም ይቻላል። ከዚያ ባትሪው ይመጣል፤ 200 አምፒር ሰዓት የሚይዘው የቆየው የሊድ ባትሪ 60 ኪሎ አካባቢ ሲሆን የሊቲየሙ ከ25 እምብዛም አያልፍም፤ የሚሰጠው ጥቅም ላይ የሚውል ኃይልም የበለጠ ነው። የብረት ጋዝ ሲሊንደር በአሉሚኒየም፣ የመስኮት መስታወት በአክሪሊክ ሊቀየር ይችላል። ውሃ ግን አልነካም። ብዙ ሰው ክብደቱ ሲያልፍበት የውሃ ታንኩን ግማሽ ብቻ ሞልቶ ሒሳቡን ያስተካክላል፤ አፋር ውስጥ ወይም በሱዳን ጠረፍ በረሃ ሁለት ሰው በቀን የሚፈጀውን ውሃ ያየ ሰው ይህን የወረቀት ብልሃት አይቀበለውም። ሞተር ሳይክሉ ይቅር፤ ውሃው ይሙላ።

3.5 ቶን ላይ ብቻ ለመሥራት የሚገደድ፣ «ሲ 1» ለማውጣት ጊዜም ገንዘብም የሌለው ሰው፣ ክፍል መሥራቱን ትቶ ፒክ አፕ ላይ የሚቆም የድንኳን ጣሪያ ቢመርጥ ይሻለዋል ባይ ነኝ። በዚያ ክብደት ውስጥ ግድግዳ፣ ሽንት ቤትና ማሞቂያ ያለው ቤት አራቱ ጎማ በሚጎትት ሻሲ ላይ መግጠም በሥዕል እንጂ በሚዛን አይገኝም። ሌላው ሰው ሠርቶ ያለቀውን መኪና ለመግዛት የሚያስብም አለ፤ ዋጋ ከመከራከሩ በፊት ሻጩን የሚዛን ወረቀት ይጠይቀው። ወረቀት ከሌለ ውሃውንና ናፍጣውን አስሞልተው አብረው ወደ ቅርቡ የምድር ሚዛን ይሂዱ፤ ሻጩ «ምን ያስፈልጋል» ካለ ያ መኪና ከ7.5 ማለፉን እርሱም ያውቀዋል።